ስለ ሞተር ብስክሌት ማቆሚያ ስፍራና ስለ ተጠቃሚው ምክር

ለሰው ጥቅም ተብሎ የሚሠራ ነገር ሁሉ የሚጠቀምበት ሰው ሳይጠየቅ ከተሠራ ድካሙ ከንቱ፥ ገንዘቡም ብክነት ሆኖ መቅረቱ በብዙ ስፍራ የታየ ነው። ጎጆ የሚያሠራ ሰው ምሰሶው ከመተከሉ በፊት በሩ በየት በኩል ይሁን፥ ምድጃውስ ወዴት ይዋል ብሎ ከሚስቱና ከቤተ ሰቡ ጋራ ይመካከራል። ጭሱን የምትታገሠውና ውሃውን የምትሸከመው እርስዋ ናትና ከእርስዋ የተሻለ መካሪ አያገኝም። በትንሽ ጎጆ የማይዘነጋው ይህ ጥበብ በትልልቅ መሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ግቢ ሲረሳ ማየት ግን የሚያስገርም ነው።

ዛሬ ልንናገርበት ያሰብነው ነገር ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይኸውም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሞተር ብስክሌት ስለሚቆምበት ስፍራ ነው። ስለ ከፍተኛ ትምህርትና ስለ ምርምር በሚነገርበት ቦታ ስለ ማቆሚያ መጻፍ ለአንዳንድ ሰው ቀላል ወሬ መስሎ ይታየው ይሆናል። ዳሩ ግን የሰው አካልና የሰው ጥሪት ያለበት ነገር ትንሽ ሊባል አይገባውም። ይልቁንም በትንሹ ሥራ ተጠቃሚውን መጠየቅ የለመደ መሥሪያ ቤት በትልቁም ሥራ መጠየቅን አይረሳም፤ በትንሹ የናቀ ግን በትልቁም መናቁ አይቀርም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ወደ ሰሜን ወሎ እንመልከት። ወልድያ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚወጣው መንገድና ከወረታ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ የሚመጣው መንገድ የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከእርስዋ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚያው በደሴ መንገድ ላይ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ትገኛለች። በ2004 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ዋናው ግቢ በወልድያ ሲሆን የግብርና ትምህርት የሚሰጥበት ግቢ በመርሳ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከልም በሀብሩ ምድር የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ይገኛል። እንግዲህ አገሩ መምህር፥ ተመራማሪና የግብርና ባለሙያ ከከተማ ወደ ግቢ፥ ከግቢም ወደ ገበሬው ማሳ የሚመላለስበት አገር ነው።

በእንዲህ ያለ አገር ሕዝቡ በአጭሩ ሞተር የሚለው ይህ ተሽከርካሪ ጌጥ አይደለም፤ በቀድሞው ዘመን በቅሎ ትሰጠው የነበረውን አገልግሎት የሚሰጥ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ማሳው የሚያደርሰውን ጥርጊያ መንገድ መኪና ሳይደፍረው ሞተር ብስክሌት ይሄድበታል። በአገራችን የገጠር ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ያማሃ የሚባለው ሞተር የታወቀው ስለዚህ ነው። በራሱ ገንዘብ የሚገዛው ሠራተኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛው ከደመወዙ ለብዙ ዓመት ቈጥቦ ወይም ከቍጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሞተሩን አቁሞ ወደ ክፍል ሲገባ ያለውን ጥሪት በሜዳ ላይ ትቶ መግባቱ ነው። ዓይኑ በመስኮት በኩል ወደ ውጭ የሚቃኝ መምህር እንደ ምን አድርጎ ልቡን ሰብስቦ ያስተምራል?

የተወሰነ ስፍራ በሌለበት ግቢ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። አንዱ ባለ ሞተር ከቢሮው በር አጠገብ ያለውን ጥላ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ከእርሱ ጎን ያቆማል፤ ሦስተኛው ሲጨመር መግቢያው ይጠባል። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ተማሪ ተብሎ የተሠራው ደረጃ የሌለው መወጣጫ ይዘጋል። ዓይነ ስውር ተማሪም ትናንት ባዶ እንደ ነበረ በሚያውቀው መንገድ ሲያልፍ ዛሬ ብረት ይገጥመዋል። በቤተ መጻሕፍት መስኮት ሥር ሞተር ሲነሣ አንባቢው ይታወካል፤ ከመኝታ ቤት ግድግዳ አጠገብም ቤንዚን ሲንጠባጠብ የእሳት አደጋ ያሰጋል። ሌባ ቢመጣስ 30 ሞተር በ30 ጥግ ተበታትኖ በቆመበት ግቢ ጥበቃው የትኛውን ይጠብቃል? በዚህ ሁሉ ጥፋቱን በባለ ሞተሩ ላይ ብቻ መጫን አይገባም፤ አቁም የሚባልበት ስፍራ ያልተሰጠው ሰው ባገኘው ቦታ ያቆማል።

ይህን ለማረም ሁለት አቋራጭ መንገዶች ይታያሉ፤ ሁለቱም ግን ጐደሎ ናቸው። የመጀመሪያው መከልከል ነው። በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሞተር ብስክሌት እየታገዘ የሚፈጸመውን ቅሚያ ምክንያት አድርጎ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በቀር ሌላው በከተማው እንዳይነዳ መከልከሉ ይታወሳል። ትልቅ ከተማ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ አውቶቡስና ታክሲም አለው። በመርሳ ግቢ በር ላይ «ሞተር ማስገባት ክልክል ነው» ተብሎ ቢጻፍ ግን ለሥልጠና ከገጠር ቀበሌ የተጠራው የግብርና ባለሙያ ሞተሩን ለማን ሰጥቶ ይገባል? ከባድ መኪና በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ዳር ቢያቆመው ንብረቱን ለአደጋ መስጠቱ ነው፤ ሥልጠናውን ትቶ ቢመለስ ደግሞ ጉዳቱ ትምህርቱን ይጠባበቅ ለነበረው ገበሬ ነው። ክልከላ ችግሩን ከአጥሩ ውስጥ ወደ አጥሩ ውጭ ያወጣዋል እንጂ አያጠፋውም።

ሁለተኛው መንገድ በቢሮ ተቀምጦ መወሰን ነው። መሐንዲሱ የግቢውን ካርታ ዘርግቶ ባዶ ሆኖ ያገኘውን ጥግ ይመርጣል፤ ሲሚንቶ ይፈስሳል፤ ቆርቆሮ ይመታል፤ ምልክት ይተከላል። በወረቀት ላይ ሲያዩት ያማረ ነው። ነገር ግን ካርታው የማይናገረው ብዙ ነገር አለ። ከቀትር በኋላ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትገባ፥ በክረምት ጎርፉ በየት እንደሚወርድ፥ የጥበቃው ዓይን እስከ የት እንደሚደርስ፥ ከዚያ ጥግ እስከ መማሪያው ክፍል በዝናብ ስንት እርምጃ እንደሚሄዱ አያሳይም። ከዚህም የተነሣ ባለ ሞተሩ የተሠራለትን ስፍራ ትቶ ወደ ቀድሞው ጥላ ይመለሳል፤ አዲሱም ማቆሚያ የተሰበረ ወንበርና የአሮጌ ጠረጴዛ መጣያ ይሆናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ሦስተኛውና ትክክለኛው መንገድ ተጠቃሚውን በምክሩ ውስጥ ማስገባት ነው። ይህ ለወሎ ሰው እንግዳ ትምህርት አይደለም። አባጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ ነገር አይቈርጡም፤ በቅሬም ቢሆን ሸክሙ በአባላቱ ላይ የሚወድቅ ጉዳይ አባላቱ ሳይመክሩበት አይወሰንም። የአገሬው ሰው በመንደሩ የሚያደርገውን ዩኒቨርሲቲ በግቢው ቢያደርገው ክብሩን የሚቀንስበት አይደለም፤ ይልቁንም ከሚያገለግለው ሕዝብ ጋራ ያስማማዋል።

ተጠቃሚ ማለትም ባለ ሞተሩ ብቻ አይደለም። ጥበቃው በሌሊት የትኛው ጥግ እንደሚጨልምና ሌባ በየት በኩል ሊዘል እንደሚችል ያውቃል። አትክልተኛው ውሃ የሚተኛበትን ስፍራ ያውቃል። ጽዳት ሠራተኛዋ ከሁሉ ቀድማ ገብታ የትኛው በር በምን እንደሚዘጋ ታያለች። ከቤተ መጻሕፍት ማታ የምትመለሰው ተማሪ መብራት ያጣውን መንገድ ታውቃለች። አካል ጉዳተኛው ተማሪ አንድ ሞተር አለስፍራው ሲቆም ስንት እርምጃ እንደሚያዞረው ይናገራል። በወር አንድ ጊዜ የሚመጣው እንግዳ ደግሞ ምልክቱ ለማያውቅ ሰው ይታይ ወይም አይታይ እንደ ሆነ ይመሰክራል። ከሁሉም በላይ እግረኛው በቍጥር ከባለ ሞተሩ ይበዛል፤ እርሱ ካልተጠየቀ የሞተሩ ስፍራ በእግረኛው መንገድ ላይ ይሠራል። እያንዳንዱ ከሌላው የተሰወረ እውቀት አለውና መሐንዲሱ ይህን ሁሉ ሰብስቦ ከሙያው ጋራ ሲያዋሕደው ሥራው የተሟላ ይሆናል።

አጠያየቁም ሥርዓት ሊኖረው ይገባል። አዳራሽ ሰብስቦ «አስተያየት ያላችሁ ተናገሩ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በአዳራሽ የሚናገረው ደፋሩ ነው፤ ጥበቃውና ጽዳት ሠራተኛዋ በአለቆቻቸው ፊት ዝም ማለትን ይመርጣሉ። ስለዚህ አስቀድሞ መቍጠር ያስፈልጋል። ለአንድ ሳምንት ከሰኞ እስከ ዓርብ በበሩ ስንት ሞተር እንደ ገባ፥ በየትኛው ሰዓት እንደ በዛ፥ ወዴትም እንደ ቆመ በደብተር ይጻፍ። ይህን ሥራ ተማሪዎች ለትምህርታቸው ልምምድ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከዚህ በኋላ ጠያቂዎቹ ወደየሰዉ የሥራ ስፍራ ሄደው «ከዚህ የሚያቆሙት ለምንድር ነው? ከዚህ ቢያነሡትስ ምን ይጎድልብዎታል?» ብለው በትሕትና ይጠይቁ። የሰው እግር በሣሩ ላይ ያወጣውን ቀጭን መንገድም ይመልከቱ፤ ሰው በአፉ ያልተናገረውን እግሩ በምድር ላይ ጽፎት ይገኛልና።

ከዚያም አሳቡ በወረቀት ላይ ብቻ አይቅር። በመሬቱ ላይ ችካል ተክሎ፥ ገመድ ወጥሮ፥ በኖራ አስምሮ ለአንድ ወር መሞከር ይቻላል። ረድፉ ጠባብ ቢሆን ኖራው ይጠፋና እንደ ገና ይሰመራል፤ ስፍራው ቢርቅ ችካሉ ተነቅሎ ይቀርባል። ኖራና ገመድ ርካሽ ናቸው፤ የፈሰሰ ሲሚንቶ ግን አይታጠፍም። ወሩ ሲያልቅም ከተሰጠው አሳብ የትኛው እንደ ተወሰደ፥ የትኛውም በምን ምክንያት እንደ ቀረ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። አሳቡ ላልተፈጸመለት ሰው ምክንያቱን መንገር እርሱን ማክበር ነው፤ ጠይቆ ዝም ማለት ግን ካለመጠየቅ ይከፋል።

ይህ አሠራር በሌላም አገር ተፈትኗል። በአሜሪካ የሚገኘው የኦሬገን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሁከት ካለፈ በኋላ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር የተባለውን የሕንጻ ሊቅ ጠርቶ የግቢው አሠራር እንዴት እንዲሆን እንዲያጠና አደረገ። እርሱና ባልንጀሮቹ ያቀረቡት አሳብም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1975 በመጽሐፍ ታትሞ ወጥቷል። ከመሠረታዊ ደንቦቹ አንዱ አንድ ሕንጻ ወይም ስፍራ ሲሠራ የሚገለገሉበት ሰዎች በምን ይሠራና በእንዴት ይሠራ ውሳኔ ውስጥ እንዲገቡ የሚያዝ ነው። ሌላው ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ታላቅ ሥራ ላይ ከማፍሰስ ይልቅ በብዙ ትንንሽ ሥራዎች ቀስ በቀስ ማሻሻልን ይመርጣል። በየዓመቱም ግቢው እየታየ የትኛው ስፍራ ለሰው እንደ ተስማማ፥ የትኛውም እንደ ተበላሸ ተመርምሮ በካርታ እንዲመለከት ይጠይቃል። ለሞተር ማቆሚያ ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም፤ ትንሽ ጀምሮ፥ በየዓመቱ አይቶ፥ የጐደለውን መሙላት ነው።

የሥራው መጠንም የሚያስፈራ አይደለም። አንድ ሞተር ብስክሌት ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ነው፤ በጎኑ 1 ሜትር ቢሰጠው ነጂው ያለ ጭንቅ ወጥቶ ይወርዳል። 60 ሞተሮች 30፥ 30 ሆነው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቢቆሙና በመካከላቸው የ2 ሜትር ተኩል መተላለፊያ ቢተው ርዝመቱ 30 ሜትር፥ ወርዱ 7 ሜትር የሆነ ስፍራ ይበቃል። በዚያው ስፍራ አውቶሞቢል ቢቆምበት የሚይዘው ከ12 አይበልጥም። እንግዲህ ለጥቂት መኪና የሚሰጠው መሬት ለብዙ ሰው ሞተር ሊበቃ መቻሉን አስተዳዳሪዎች ልብ ይበሉት።

ይሁን እንጂ ለሁለቱ ግቢ አንድ ዓይነት ንድፍ መላክ አይገባም። ወልድያ በተዳፋት ላይ ያለች ከተማ በመሆንዋ በዚያ የሚቀድመው ደልዳላ መሬት ማግኘት ነው። መርሳ ከወልድያ ዝቅ ያለችና ሙቀት የሚበዛባት ስለ ሆነች በዚህ የሚቀድመው ጥላ ነው፤ በፀሐይ የዋለ የሞተር መቀመጫ ይሰነጠቃል፤ ለተቀማጩም እሳት ይሆናል። ጥላው ከዛፍ ይሁን ቢባል መርሳ በፍራፍሬ የታወቀች ናት፤ ነገር ግን ማንጎ ጥላው ቢያምርም ፍሬው የበሰለ ጊዜ በሞተሩ ላይ ይወድቃል። ይህን ከአትክልተኛው በቀር ማን አስቀድሞ ይነግረናል? ሰሜን ወሎ በበልግም በክረምትም ዝናብ የሚያገኝ አገር ነውና ጭቃው በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። መረሬ አፈር በረጠበ ጊዜ የሞተሩን የጎን እግር ይውጠዋል፤ አንዱ ሲወድቅም ከጎኑ ያለውን ይጥለዋል። ስለዚህ ቆርቆሮው ቢዘገይ እንኳ ጠጠሩና የውሃ መውረጃው ሊዘገይ አይገባም።

ለጥበቃውም ነገር ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ቍጥር የተጻፈባቸው ሁለት ሁለት ትንንሽ ሰሌዳዎች ተሠርተው አንዱ በሞተሩ ላይ ቢንጠለጠል፥ ሁለተኛው በባለቤቱ እጅ ቢሆን፥ ሲወጣም ጥበቃው ሁለቱን አስተያይቶ ቢያሳልፍ፥ የብዙ ሰው ልብ ያርፋል። የራስ ቁር የሚንጠለጠልበት ብረት ቢኖር ደግሞ ነጂው ይዞት ላለመዞር ሲል በቤቱ ትቶት አይመጣም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማድረጉን በ2016 ዓ.ም. ማስታወቁ ይታወቃል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ሞተሮችም እየመጡ ናቸው። ስለዚህ መሬቱ በሚቈፈርበት ጊዜ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቧንቧ አብሮ ቢቀበር ነገ እንደ ገና ከመቈፈር ያድናል።

«በጦርነት የተጎዳ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራውን ሳያሟላ ስለ ሞተር ማቆሚያ መጨነቁ ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ወልድያ በጦርነት ውስጥ በወደቀችበት ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ንብረት መዘረፉና መሰባበሩ የሚያሳዝን እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘብ ያነሰው ሰው ከሁሉ ይልቅ ሁለት ጊዜ ከመሥራት መጠንቀቅ አለበት። የፈረሰው ሲጠገን መንገዱና በሩ እንደ ገና ሊታሰብበት ይቻላል፤ ሁሉ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ግን የሞተሩ ስፍራ የሚፈለገው በተረፈው ጥግ ነው። ብዙ ንብረት የጠፋበት ሰውም የቀረችውን አንዲት ሞተር በስጋት እንዳያቆም መርዳት ቅንጦት አይባልም።

ሌላውም «ሁሉን ብንጠይቅ አሳባቸው አይገጥምም፤ ሥራውም ይዘገያል» ይል ይሆናል። መጠየቅ ማለት የእያንዳንዱን ፈቃድ መፈጸም አይደለም። መወሰን የአስተዳዳሪው፥ መለካትም የመሐንዲሱ ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ ልዩነቱ አውቀው እንዲወስኑና እንዲለኩ ነው። ጊዜውም ቢሆን ሳምንት መቍጠርና ወር መሞከር የማይጠቅም ቤት ሠርቶ ለዓመታት ከማዘን ያንሳል። ጸጥታን የሚያስብም ሰው ቢኖር በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፥ ቍጥር ተሰጥቶት፥ በጥበቃው ዓይን ሥር የቆመ ሞተር በየጥጉ ከተበተነው ይልቅ ለመፈተሽ የተመቸ መሆኑን ያስተውል።

ባለ ሞተሮችም ግዳጅ አለባቸው። አሳባችሁን ስትጠየቁ የራሳችሁን ምቾት ብቻ አትናገሩ፤ ሞተራችሁ የሚያልፍበት መንገድ ለሌላው የእግር መንገድ መሆኑን አስቡ። ተመክሮበት የተሠራውን ስፍራም ትታችሁ ወደ በሩ ጥላ አትመለሱ፤ በግቢው ውስጥ በዝግታ ንዱ፤ በቤተ መጻሕፍት አጠገብ ስትደርሱ ሞተሩን አጥፍታችሁ ግፉት። በምክሩ የተካፈለ ሰው በፍሬውም ጥበቃ ሊካፈል ይገባዋል።

ይህን የምንጽፈው ለወልድያና ለመርሳ ብቻ አይደለም። በአገራችን ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች፥ ሆስፒታሎችና መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ነገሩ አንድ ነው። የዩኒቨርሲቲ አስተዳዳሪዎች በመጪው በጀት ሲሚንቶ ከመግዛታቸው በፊት አንድ ደብተር፥ ጥቂት ኖራና አንድ ጥቅል ገመድ ያዘጋጁ፤ ደብተሩንም በመጀመሪያ ለበሩ ጥበቃ ይስጡት። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደ ተባለ መሐንዲሱ ብቻውን ከሚያስበው ይልቅ ከተጠቃሚው ጋራ ያሰበው ይጸናል። ወጣቶችም በሚማሩበት ግቢ እንዲህ ያለውን ምክር አይተው ከወጡ ነገ በየወረዳው ውሃ፥ መንገድና ገበያ ለሕዝብ ሲሠሩ ሕዝቡን አስቀድመው መጠየቅን ሥራቸው ያደርጉታል።